የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የራሳቸውን ጥናት ራሳቸው እንዲሠሩ እንዴት እንርዳቸው?

መምህርት ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለአምስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ተማሪዎቼ ለስድስት ሳምንት ያህል ከራሳቸው ጥያቄ ተነሥተው አንድ ጥናት እንዲያካሂዱና ያገኙትን ለክፍል ጓደኞቻቸውና ለወላጆቻቸው እንዲያቀርቡ አስቤአለሁ። ርእሰ መምህሩ ሐሳቡን ተቀብለውታል፤ ከተከታታይ ምዘናው ላይም 20 ነጥብ እንዲያዝለት ተስማምተናል።

የሚያሳስበኝ በየትምህርት ቤቱ «ፕሮጀክት» እየተባለ የሚሰጠው ሥራ ብዙውን ጊዜ የልጁ ሥራ አለመሆኑ ነው። ርእሱ ሰኞ ይሰጥና ዓርብ ዕለት በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ባለቀለም ሽፋን ተደርጎለትና ተጠርዞ ይመጣል። ልጁ «እዚህ ላይ የጻፍከው ምን ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ ምክንያቱም ጽሑፉን ከኢንተርኔት ያወጣለት ታላቅ ወንድሙ ወይም አስጠኚው ነው፣ ያተመለት ደግሞ የሰፈሩ ኮፒ ቤት ነው። ገንዘቡን የከፈሉት እናት ልጃቸው እንዳያንስባቸው ብለው ነውና በእርሳቸው አልፈርድም። ነገር ግን ልጁ ከዚህ ሥራ የሚማረው፣ ዕውቀት ተገዝቶ የሚመጣ ነገር መሆኑን ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ መምህራንና ወላጆች እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሊሠራው የሚችለው ጥያቄ ምን ዓይነት ነው? ሳንሠራለት እንዴት ልንረዳው እንችላለን? ነጥቡንስ ለምኑ ልስጥ?

ጡረታ የወጣ ሱፐርቫይዘር ከባሕር ዳር

መምህርት፣ ያነሡት ጉዳይ ብዙ ዓመት ያሳሰበኝ በመሆኑ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብመልስ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእኔ እምነት ጥናቱ የሚበላሸው ኮፒ ቤት ሲደርስ አይደለም፤ ርእሱ የተሰጠ ዕለት ነው። «ስለ አካባቢ ብክለት ጥናት አቅርቡ» የተባለ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከመገልበጥ በቀር ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ለትልቅ ሰው እንኳ የከበደ ነገር ነው የተሰጠው። እንግዲህ የመምህሩ ዋና ሥራ ጥያቄውን በልጁ ዓይን፣ እጅና እግር ሊደረስበት እስኪችል ድረስ ማጥበብ፣ ከዚያም እጅን መሰብሰብ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ልጅ «ስለ ባሕር ዛፍ ማጥናት እፈልጋለሁ» ብሎ መጣ እንበል። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባሕር ዛፍ መቼ ወደ አገራችን ገባ?» ብሎ ነው። መልሱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም የሚል ነው፤ ከመጽሐፍ አንድ መስመር ከተነበበ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። ቀጥሎ «ባሕር ዛፍ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ሊል ይችላል። ይህ ደግሞ የደን ባለሙያውና ማገዶና አጣና ሽጦ የሚያድረው ገበሬ እስከ ዛሬ ያልተስማሙበት ስለሆነ ልጁ ወይ የአባቱን ወይ የመምህሩን አቋም ይደግማል። «ከባሕር ዛፍ ሥር ስንት ዓይነት ዕፅዋት ይበቅላሉ? ከወይራ ወይም ከግራር ሥርስ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አራት ችካልና አራት ሜትር ገመድ ነው። ልጁ ከዛፉ ሥር ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይከልላል፤ በውስጡ ያለውን የዕፅዋት ዓይነት ይቆጥራል፤ የእያንዳንዱንም አንድ ቅጠል በደብተሩ ላይ ይሥላል። ስማቸውን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ «ባለ ሦስት ቅጠሉ»፣ «ጠርዙ መጋዝ የሚመስለው» ብሎ የራሱን ስም ያወጣላቸዋል። ከዚያ መምህሩ ይቀርብና «ሌላ ቦታ ብትከልልም ይህንኑ ታገኝ ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ በሌላ ዛፍ ሥር ሲቆጥር የተለየ ቁጥር ያገኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መናገር እንደማይቻልም ማንም ሳይነግረው ይረዳል። ትንሽ ቆይቶ ራሱ «ሣሩ የጠፋው ከዛፉ የተነሣ ነው ወይስ ሰው ስለሚረግጠው?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ያን ጊዜ «ከዛፉ ነው» ብለው እንዳይመልሱለት አደራዎን፤ «እንዴት አድርገህ ልትለየው ትችላለህ?» ይበሉት።

እኔ መምህራንን ስከታተል ልጅን ለመርዳት ከሦስት ጥያቄዎች በላይ ብዙም አያስፈልግም እላቸው ነበር፦ ምን አየህ? እንዴት አወቅህ? ሌላ ሰው ቢያየው አንተ ያልከውን ይል ይሆን? ከባዱ ነገር ጥያቄዎቹን ማወቅ አይደለም። ከጠየቁ በኋላ ልጁ እስኪመልስ ድረስ ዝም ብሎ መቆየት ነው።

የሁለት ልጆች አባት ከአዳማ

አቶ ሱፐርቫይዘር የጻፉትን ሳነብ ባለፈው ዓመት የአምስተኛ ክፍል ልጃችን የሠራችው ጥናት ትዝ ስላለኝ፣ ከወላጅ በኩል ምን እንደሚመስል ላካፍላችሁ። ልጃችን እንጀራ አንዳንድ ቀን ዓይኑ የበዛ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ የሚሆነው ለምንድን ነው ብላ ተነሣች። ከመምህሯ ጋር ተነጋግረው ጥያቄውን «ሊጥ በሞቃት ቦታና በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ የትኛው ቀድሞ ይቦካል?» ወደሚል አጠበቡት።

ሁለት እኩል የሆኑ ባዶ የማር ብልቃጦች ወሰደች። በሁለቱም እኩል የጤፍ ዱቄትና እኩል ውኃ በሲኒ፣ እኩል እርሾ በሾርባ ማንኪያ እየለካች በጠበጠች፤ አንዱን ከምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን እቃ ቤት ወለል ላይ አስቀመጠች። በየብልቃጡ ውጭ ወረቀት ለጥፋ የሊጡን ከፍታ ጠዋትና ማታ በእርሳስ ታሠምር ነበር። ከደብተሯ አንዱን ገጽ እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦ «ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት። ሞቃቱ አረፋው ብዙ ነው መቁጠር አልቻልኩም። ቀዝቃዛው አረፋ 6። ሽታ ሞቃቱ ጎምዘዝ ይላል ቀዝቃዛው ዱቄት ዱቄት ይላል።» በማግሥቱ ሞቃቱ ላይ ውኃው ወደ ላይ ጠልሎ እርሾው ሲታይ፣ ቀዝቃዛው ገና አረፋ ይሠራ ነበር።

በመካከል አንድ ነገር ሆነ። ታናሽ ወንድሟ አንደኛውን ብልቃጥ በማንኪያ አማሰለው። እኔ «ምንም አይደል፣ ቀጥይ» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እርሷ ግን ትንሽ አሰብ አድርጋ «አሁን እኩል አይደሉም፣ እንደገና ልጀምር» አለች። ሁለቱንም ደፍታ እንደ አዲስ አቦካች። በእኔ አመለካከት ከጥናቱ ሁሉ ትልቁ ትምህርት የተገኘው በዚያች ውሳኔ ነው፤ እኔ ቀድሜ ብናገር ኖሮ ግን ቀርቶ ነበር።

ባለቤቴ መልሱን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ልጅቱ ብልቃጥ ይዛ ስትመላለስ እያየች አለመናገሩ ቀላል አልነበረም። የኛ ድርሻ እሳትና ምጣድ አጠገብ መቆም፣ ማታ የምትለካበትን ሰዓት ማስታወስ፣ ስትጠይቀን ማዳመጥ ብቻ ነበር። ብዕሩን አልነካንም፤ የፊደል ስሕተቶቿንም እንዳሉ ተውናቸው። ወላጆች ይህን እንዲያደርጉ አስቀድሞ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል፤ አለዚያ ማረም ግዴታቸው ይመስላቸዋል።

መምህርት ከአዲስ አበባ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአራት ማዕዘኑንና የሊጡን ምሳሌ ሳነብ ምን እንደምፈልግ ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። ሆኖም የእኔን ክፍል ሁኔታ ልጨምር። ተማሪዎቼ 58 ናቸው። ብዙዎቹ የሚኖሩት ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፤ ብልቃጥ የሚያስቀምጡበት ሰላማዊ ጥግ የላቸውም። ጤፍ በዚህ ዋጋ ለሙከራ የሚደፋ ነገር አይደለም። ከወላጆቻቸው መካከል እስከ ምሽት ድረስ በሥራ የሚቆዩ አሉ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችሉም አሉ። እቤት ውስጥ ረዳት ባለው ልጅና በሌለው መካከል ያለውን ልዩነት ጥናቱ እንዳያሰፋው እፈራለሁ።

የስድስተኛ ክፍል መምህር ከሐዋሳ

የእኔም ክፍል ከእርስዎ ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ በአንድ ነገር ከባሕር ዳሩ አባታችን ጋር በትሕትና ልለይ። ተማሪው ከ50 በላይ በሆነበት ክፍል እያንዳንዱ ልጅ የፈለገውን ርእስ ይምረጥ ማለት መምህሩን ከአቅም በላይ ያደርገዋል፤ አቅም ያጣ መምህር ደግሞ በመጨረሻ ሥራውን ወደ ቤት መላኩ አይቀርም። እኔ አንድ ሰፊ መስክ እሰጣለሁ፤ በመስኩ ውስጥ ጥያቄውን ቡድኑ ራሱ ያወጣል። መለካቱም መጻፉም የሚካሄደው በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ በትምህርት ሰዓት ነው።

ባለፈው ጊዜ መስኩ «በግቢያችን ያለ ውኃ» የሚል ነበር። አንዱ ቡድን የምትንጠባጠበው ቧንቧ በሰዓት ስንት ውኃ እንደምታባክን ለካ። ሌላው ከመጸዳጃ ቤት ከወጡት ተማሪዎች ስንቱ እጁን እንደሚታጠብ በዕረፍት ሰዓት ቆጠረ። ሦስተኛው ደግሞ የበልግ ዝናብን ለመለካት ፈለገ፤ እርሱን ትንሽ ላብራራው፤ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለምና።

አንድ ባዶ ሃይላንድ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ ጎኑ ቀጥ ካለበት ላይ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አናት ክዳኑ ወልቆ ይገለበጥና እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ይቀመጣል። የሃይላንዱ ሥር ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ይጨመርበትና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ይሞላል፤ ያ መስመር ዜሮ ይባላል። ከዜሮው ጀምሮ ማስመሪያ በፕላስተር ይለጠፋል። እቃው ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ልጆቹ ሁልጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንብበው ከመዘገቡ በኋላ ውኃውን ወደ ዜሮው ይመልሱታል። አንድ ቀን «10 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ብለው ሲመጡ «ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?» አልኳቸው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር መሆኑን ከነገርኳቸው በኋላ የመማሪያ ክፍላችንን ጣሪያ ወርድና ቁመት በእርምጃ ለክተው 8 በ7 ሜትር፣ ማለትም 56 ካሬ ሜትር አገኙ፤ በዚያች ሌሊት ከአንድ ጣሪያ 560 ሊትር ውኃ ወርዶ ወደ ቦይ መሄዱንም አሰሉ። ውኃ በጀሪካን የሚያመጡ ልጆች ይህን ቁጥር ሲያገኙ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ልነግርዎ አልችልም። ጣሪያው ላይ አሸንዳ ይሠራልን የሚለውን ደብዳቤ ለርእሰ መምህሩ የጻፉት እነርሱ ናቸው።

አሠራሩን በሚመለከት፣ 58 ተማሪዎች በአምስት በአምስት ሲሆኑ 12 ቡድን ይወጣቸዋል። ሌሎቹ የደብተር ሥራ ሲሠሩ በየቀኑ ሁለት ቡድን ወደ ጠረጴዛዎ ቢጠሩ በስድስት የትምህርት ቀን ሁሉንም ያዳርሳሉ። በእያንዳንዱ ስብሰባ የሚጠበቅብዎ ያለፈውን ገጽ ማንበብና አንድ ጥያቄ ጥሎ መሄድ ብቻ ነው። ጸሐፊው በየሳምንቱ ይቀያየር፤ አለዚያ ጎበዙ ልጅ ሁሉን ይጽፍና አራቱ ተመልካች ይሆናሉ። የጥናት ደብተሩ በክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደር። በኮምፒውተር የተጻፈ ነገር እንደማይቀበሉ ከመጀመሪያው ቀን ያስታውቁ፤ በእጅ የተጻፈና በእጅ የተሣለ ብቻ።

ማንበብ ስለማይችሉት ወላጆች ያሉት ግን ከሌላ በኩል ሊታይ ይገባዋል። በአንድ ቡድኔ ውስጥ እናቷ ጉልት የምትቸረችር ልጅ ነበረች። ቡድኑ ጎመን ሳይጠወልግ ስንት ቀን ይቆያል የሚለውን ሲያጠና፣ እርጥብ ጆንያ ማልበስንና ጥላ መምረጥን ያስተማሯቸው እኚያ እናት ናቸው፤ ልጆቹም የለበሰውንና ያልለበሰውን ጎን ለጎን አስቀምጠው አረጋገጡት። ዘበኛው፣ ሸማኔው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከኢንተርኔት የሚሻሉ አዋቂዎች ናቸው። ከእነርሱ የሚፈለገው እንዲጽፉ ሳይሆን እንዲጠየቁ ነው።

ነጥቡን እኔ ከ20 እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ 8 ለጥናት ደብተሩ፣ 5 ለቃል ጥያቄ መልስ፣ 4 ለጥያቄው አጠባበብ፣ 3 ለአቀራረብ። የተጠበቀው ውጤት ባይገኝም ደብተሩ ውስጥ በታማኝነት ከተጻፈ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል።

እናት ከዱባይ

እዚህ ዱባይ ልጄ የሚማርበት ትምህርት ቤት አይ ቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ድርጅት የአንደኛ ደረጃ መርሐ ግብር የሚከተል ነው። በመርሐ ግብሩ የመጨረሻ ዓመት ላይ ልጆቹ «ኤግዚቢሽን» የሚባል ጥናት በቡድን ይሠራሉ፤ ለየቡድኑም አንድ አማካሪ ይመደባል። የእኛ ልጆች ምሳ ሰዓት ላይ የሚጣለውን ምግብ በሚዛን እየመዘኑ ነበር ያጠኑት። አማካሪያቸው በየሳምንቱ ደብተራቸው ላይ ጥያቄ ይጽፉላቸዋል እንጂ መልስ አይጽፉም። የማሳያው ዕለት ደግሞ ለእያንዳንዱ ጎብኚ ልጆቹን የሚጠይቃቸው ሁለት ሦስት ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት በሩ ላይ ይሰጠው ነበር። ይህን ልማድ እንድትወስዱት እመክራለሁ፤ ወላጅ «ጎበዝ» ብቻ ብሎ እንዳያልፍ ያደርገዋልና።

እንዳትወስዱት የምመክረው ግን ጌጡን ነው። የማሳያው ዕለት እየቀረበ ሲሄድ የልጆቹ ሐሳብ ከጥያቄያቸው ወደ ሰሌዳው ቀለም ሲሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላው፣ በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ካላችሁ፣ ልጄ አያቱን አዲስ አበባ ደውሎ የተረፈ እንጀራ እንዴት ድርቆሽ እንደሚሆን ጠይቋቸዋል፤ የሰማውንም በአማርኛ እንደሰማው እንዲጽፍ አድርጌአለሁ። አማርኛው ለጥናቱ አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ ብቻ ሳላስገድደው ጻፈ።

ጡረታ የወጣ ሱፐርቫይዘር ከባሕር ዳር

የሐዋሳው መምህር ያስተካከሉኝን በደስታ እቀበላለሁ፤ ለብዙ ተማሪ አንድ መስክ መስጠቱ ይሻላል። በሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

አንደኛው ሽማግሌዎችን ስለመጠየቅ ነው። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ክፍል ውስጥ ይለማመዱ፤ ሰላምታ ሰጥተው፣ ለምን እንደመጡ ተናግረው፣ «እርስዎ» እያሉ እንዲጠይቁ፣ ሲነገራቸውም እንዳያቋርጡ። «ድሮ ጥሩ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ «አዎ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ «በልጅነትዎ ውኃ የሚቀዱት ከየት ነበር? ደርሶ ለመመለስ ምን ያህል ይፈጅብዎ ነበር?» የሚል ግን ብዙ ይዞ ይመጣል። ስለ አንድ ነገር ሁለት ሰው ለየብቻ ይጠይቁ፤ ነገራቸው ከተለያየም ሁለቱንም ይጻፉ እንጂ አንዱን አይጣሉ።

ሁለተኛው ስለ ስልክ ነው። ዛሬ ልጆች ቻት ጂፒቲ በተባለው፣ ለተጠየቀው ሁሉ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በሚመልሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሙሉ ድርሰት በቅጽበት ማግኘት ይችላሉ፤ ብንከለክልም ውጭ ያገኙታል። በእኔ አስተያየት ልጆቹ የራሳቸውን ልኬት ጨርሰው ከመዘገቡ በኋላ፣ በመጨረሻው ሳምንት ብቻ፣ መምህሩ ባሉበት ይጠይቁት። ከዚያ እርሱ ያለውንና እነርሱ ያገኙትን ጎን ለጎን ይጻፉ። የግቢያቸውን ቧንቧ በሚመለከት ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ እንደሌለ ያን ጊዜ ያዩታል።

መምህርት ከአዲስ አበባ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «በግቢያችን ያለ ውኃ» የሚለውን መስክ እኔም እወስዳለሁ፤ በበልግ ዝናብ ወቅት ስለሚውልልኝ ሃይላንዱንም እንሠራዋለን። ለወላጆች የማዘጋጀውን መልእክት እነሆ። ማንበብ ለማይችሉት ስል በወላጆች ስብሰባ ላይ በቃል አነበዋለሁ፤ የሚስተካከል ነገር ካለ ንገሩኝ።

«ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ልጅዎ ለሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት በትምህርት ቤታችን ግቢ ስላለው ውኃ ጥናት ያካሂዳል። ሥራው የሚሠራው በትምህርት ሰዓት ስለሆነ የሚገዛ፣ የሚታተም ወይም በአስጠኚ የሚሠራ ነገር አይኖርም። ልጅዎ ስለ ውኃ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ የሚያውቁትን በራስዎ አነጋገር ይንገሩት፤ የማያውቁት ከሆነም ‹እኔም አላውቀውም፣ ያገኘኸውን ንገረኝ› ይበሉት። ጽሑፉን አያርሙለት። የጥናቱ ማሳያ ቀን ሲወሰን በልጅዎ በኩል እናሳውቃለን፤ ከቻሉ እርስዎ፣ ካልቻሉም ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው መጥቶ ልጁን እንዲጠይቀው በአክብሮት እንጋብዛለን።»